ሶፍትዌርን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ማሰር፦ መለያው ሳይገጥም የቀረ ዕለትስ?

አንድን ፕሮግራም «በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ» በሚል ውል የሸጠ ድርጅት ውሉን በቴክኒክ ለማስከበር ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ይህ ኮምፒውተር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለሰው ጥያቄው መልስ ያለው ይመስላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ጥጉ የተሰነጠቀው፣ ትናንት ስሠራበት ያመሸሁት። ለፕሮግራሙ ግን ኮምፒውተር የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። ያለው የተለያዩ አምራቾች የሠሯቸውና በአንድ ሳጥን ውስጥ የተገጣጠሙ ክፍሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲጠየቅ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ የተናገረው እውነት ለመሆኑ ግን የሚመሰክርለት የለም።

ለረጅም ጊዜ ኑሮዬ የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ፈቃድን የሚቆጣጠረውን የኮድ ክፍል መጻፍና መጠገን ሆኖ ቆይቷል። ይህ ክፍል በትክክል ሲሠራ ማንም አያስተውለውም፤ ሲበላሽ ደግሞ ደንበኛው የፕሮግራሙን መልካም ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይረሳል። ባለሙያዎች ስለ ጉዳዩ ሲነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት «የትኛውን መለያ እንውሰድ? የማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ነው የዲስኩን?» በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ክርክሩ ያለቦታው የገባ ነው ባይ ነኝ። የትኛውም መለያ ቢመረጥ አንድ ቀን ሳይገጥም መቅረቱ አይቀርም፤ ሥርዓቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውም የሚለየው ፕሮግራሙ በዚያ ቀን በሚያደርገው ነገር ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን ከኮምፒውተሩ የተወሰኑ ቁጥሮችን ያነባል፤ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር፣ የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ፣ የማዘርቦርዱን መለያ። እነዚህን አዋህዶ በሃሽ ስሌት፣ ማለትም ማንኛውንም መረጃ ወደ አጭር ቁጥር በሚለውጥ ቀመር፣ ያሳጥራቸውና ውጤቱን ለሻጩ ይልካል፤ ኢንተርኔት ከሌለም ደንበኛው ራሱ በስልክ ወይም በኢሜይል ያስተላልፈዋል። ሻጩ ቁጥሩን ከደንበኛው ስም፣ ከፈቃዱ ዓይነትና ከማብቂያ ቀኑ ጋር በአንድ ፋይል ላይ ያሰፍርና በምስጢር በያዘው ቁልፍ ዲጂታል ፊርማ ያኖርበታል። ፕሮግራሙም በተከፈተ ቁጥር ፊርማውን በውስጡ ባለው ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል፣ የኮምፒውተሩን ቁጥሮች እንደገና ያነባል፣ ያመሳክራል። ፊርማው በአርኤስኤ ወይም በመሰል ዘዴ በአግባቡ ከተሠራ የሐሰት ፈቃድ ፋይል ፈብርኮ ማቅረብ በተግባር የሚቻል ነገር አይደለም። ይህ የሥራው ጠንካራ ግማሽ ነው። ደካማው ግማሽ የሚነበቡት ቁጥሮች ናቸው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በሜይንፍሬም ዘመን ሶፍትዌር የሚፈቀደው ተለይቶ ለታወቀ አንድ ማሽን ነበር፤ የፕሮሰሰሩ ሲሪያል ቁጥርም በውሉ ላይ ይሰፍር ነበር። ማሽኑ አንድ ክፍል የሚሞላና የሚንከባከበውም ራሱ አምራቹ ስለነበረ ማንነቱ አያከራክርም። በኋላ የመጡት የሰን ማይክሮሲስተምስ ዎርክስቴሽኖች (ለምህንድስናና ለመሰል ሥራ የተሠሩ ጠንካራ ኮምፒውተሮች) ደግሞ ሆስት አይዲ የሚባል 32 ቢት የሆነ መለያ ነበራቸው፤ እንደ ፍሌክስኤልኤም ያሉ የፈቃድ ሥርዓቶችም ውድ ውድ የምህንድስና ፕሮግራሞችን ከዚህ ቁጥር ጋር ያስሩ ነበር።

የዚህን ሆስት አይዲ ነገር ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቁጥሩ የተቀመጠው በፕሮሰሰሩ ላይ አልነበረም፤ ሰዓቱንና የማስነሻ ቅንብሮቹን በምትይዝ አንዲት አነስተኛ የሜሞሪ ቺፕ ውስጥ ነበር። ቺፗ ይዘቷን የምትጠብቀው በራሷ ገላ ውስጥ በታሸገ የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው ዓመታት ቆይቶ ሲያልቅ ሆስት አይዲውም የኔትወርክ አድራሻውም አብረው ይጠፋሉ፤ ማሽኑ ሲነሣም የመለያው ይዘት ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከዚያ ደህና የነበረው ፈቃድ ውድቅ ይሆናል። መፍትሔውም ያው የታወቀ ነበር፤ የሲስተም አስተዳዳሪው አዲስ ቺፕ ይሰካና ከማስነሻው መስመር ላይ በጥቂት ትእዛዞች የቀድሞውን ቁጥር በእጁ መልሶ ይጽፈዋል። ማዘርቦርድ ሲቀየርም አሮጌዋን ቺፕ ነቅሎ አዲሱ ላይ መሰካት የተለመደ የጥገና ሥርዓት ነበር። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለሕጋዊው ተጠቃሚ ሥራውን ያተረፈለት ያ መንገድ ለሌላውም ክፍት ነው። በእጅ መልሶ የሚጻፍ ቁጥር በሌላ ማሽን ላይም በእጅ ሊጻፍ ይችላል።

በግል ኮምፒውተሮች ላይ ይህን ያህል እንኳ የተደራጀ መለያ አልነበረም። ኢንቴል በ1999 ክፍተቱን የሚሞላ የሚመስል ነገር ይዞ መጣ፤ ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር በፋብሪካ የተቀረጸ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው የሚችል 96 ቢት ሲሪያል ቁጥር ነበረው። የሶፍትዌር ሻጮች ሲመኙት የኖሩት ዓይነት ቁጥር ነው። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም የሚያነበውን ቁጥር ሌላውም ያነበዋል። የግል ሕይወት መብት ተሟጋቾች ቁጥሩ ሰዎችን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ለመከታተል እንደሚውል ጠቅሰው ዘመቻ ከፈቱ፣ ምርቱን አትግዙ የሚል ጥሪም ተላለፈ። ኢንቴል መጀመሪያ ቁጥሩ ተዘግቶ እንዲሸጥ አደረገ፤ በኋላ በመጡት ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ ተወው። ከዚያ ወዲህ በግል ኮምፒውተር ላይ ፕሮሰሰርን ከመሰሉ ለይቶ የሚያሳይ፣ ለማንኛውም ፕሮግራም ክፍት የሆነ ቁጥር የለም።

የለም ብዬ አስረግጬ መናገሬ ያለምክንያት አይደለም፤ እስከ ዛሬ አለ ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸውና። ዊንዶውስ ስለ ፕሮሰሰሩ ሲጠየቅ «ፕሮሰሰር አይዲ» በሚል ስም 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመልሳል። ስሙን ያየ ሁሉ የዚያ ፕሮሰሰር ብቻ ነው ብሎ ይወስደዋል። ቁጥሩ ግን የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ፣ ሞዴልና እርከን ከሚደግፋቸው ገጽታዎች ጋር የሚገልጽ ነው፤ ከአንድ የምርት መስመር የወጡ ተመሳሳይ ሞዴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ኮምፒውተሮችን በጅምላ ከገዛ በዚህ ቁጥር ብቻ የተቆለፈ ፕሮግራም በሁሉም ላይ ያለ ምንም ከልካይ ይሠራል። አስቂኙ ነገር እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ለዓመታት ሳይታወቅ መኖሩ ነው። ይከለከል የነበረ ሰው ሲፈቀድለት ማን ደውሎ አቤት ይላል?

የዲስክ ክፍልፋይ ቁጥር የሚባለው ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ይህ 32 ቢት ቁጥር የዲስኩ አምራች የሰጠው አይደለም፤ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ከዕለቱ ቀንና ሰዓት ተሰልቶ የሚጻፍ ነው። ሐቀኛው ተጠቃሚ ቫይረስ ገብቶበት ኮምፒውተሩን ፎርማት ቢያደርግ ቁጥሩ ይቀየርና ፈቃዱ ይወድቃል። ሕገወጡ ቀጂ ግን ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቢገለብጥ ቁጥሩ አብሮ ይሄድለታል። መከልከል ያለበትን አሳልፎ ማለፍ ያለበትን የሚያግድ መለያ ካየሁ ይህ ነው። ዲስኩ ራሱ በፋብሪካ የተሰጠው ሌላ ሲሪያል ቁጥር አለው፤ እስከ 20 ፊደልና አኃዝ የሚይዝ ሲሆን ከክፍልፋዩ ቁጥር እጅግ ይሻላል። ችግሩ ዲስክ ከኮምፒውተር ክፍሎች ሁሉ ቶሎ ከሚቀየሩት አንዱ መሆኑ ነው።

የማዘርቦርዱ መለያ ከሁሉም የተሻለ ነው ይባላል፣ በመርሕ ደረጃም ልክ ነው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ዩዩአይዲ የሚባል 128 ቢት መለያ ይይዛል፤ አምራቹም ለእያንዳንዱ ቦርድ የተለየ ቁጥር ሊጽፍበት ይገባል። «ይገባል» የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ። አንዳንድ አምራቾች ቦታውን ሳይሞሉት ቦርዱን ይለቁታል። በሲሪያል ቁጥሩ ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጦ የሚወጣ ቦርድ ብርቅ አይደለም። 03000200-0400-0500-0006-000700080009 የሚለው ዩዩአይዲም በዚሁ ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር ሆኗል፤ አኃዞቹ ተራቸውን ጠብቀው የተደረደሩት ማንም ሰው ስላልነካቸው ነው፣ በዓለም ዙሪያም ተቆጥረው የማያልቁ ማዘርቦርዶች ይጋሩታል። በመሆኑም የተጻፈ የፈቃድ ኮድ ሁሉ እንዲህ ያሉ የታወቁ ባዶ እሴቶችን የሚለይ ዝርዝር ሊኖረው ግድ ይላል፤ ዝርዝሩም አያልቅም።

የኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ 48 ቢት ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አምራቹን ያመለክታሉ፣ ለአምራቾች የሚያድለውም አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ የቀሩትን 24 ቢቶች አምራቹ በራሱ ይመድባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በተግባር ግን አድራሻው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቅንብር ውስጥ ሊቀየር ይችላል፤ ዊንዶውስ 10ም ለዋይፋይ በዘፈቀደ የሚፈጠር አድራሻ የመጠቀም ምርጫ አለው፣ ስልኮችማ አንድሮይድ 10 በ2019፣ አይኦኤስ 14 ደግሞ በ2020 ከወጡ ጀምሮ ለየኔትወርኩ የተለያየ አድራሻ ማሳየትን መደበኛ አድርገውታል። ከዚህም የሚብሰው አንድ ኮምፒውተር ስንት ኔትወርክ ካርድ እንዳለው መልሱ ቋሚ አለመሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ የሒሳብ ባለሙያ የሆኑ ደንበኛ ከሌላ ድርጅት የገዙት ፕሮግራም ቢሮ ሲሆኑ እንደሚሠራና ቤታቸው ሲደርሱ «ይህ ፈቃድ የሌላ ኮምፒውተር ነው» እያለ እንደሚዘጋባቸው ነግረውኝ ነበር። ላፕቶፑ አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። ነገሩን ስናየው ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑን የሚሰኩበት የዶኪንግ መሣሪያ የራሱ የኔትወርክ መግቢያ አለው፤ ፕሮግራሙም ሲጫን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያገኘው ያንን ነው። ስለዚህ ደንበኛው ፕሮግራሙን የገዙት ጠረጴዛቸው ላይ ለቀረው ኬብል መሰኪያ ነበር ማለት ነው። የቪፒኤን ፕሮግራም ሲጫንም ቨርቹዋል የኔትወርክ ካርድ ይጨምራል፤ የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ይዛባል፣ ያው ችግር ይመጣል። እኚህ ሰው በንግግራችን መካከል «እኔ የገዛሁት ፕሮግራሙን ነው እንጂ ዕቃውን አይደለም እኮ» አሉኝ። በሕግ ዓይን የፈቃድ ውሉ ሊያከራክራቸው ይችላል፤ እኔ ግን የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ቨርቹዋል ማሽን በሚባለው፣ በሶፍትዌር ብቻ በተሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። እዚያ ሃርድዌር የሚባለው በሙሉ በቅንብር ፋይል ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም የሚፈጥራቸው ኔትወርክ ካርዶች አድራሻ በ08-00-27 ይጀምራል፤ የቀረውን አኃዝ ተጠቃሚው እንዳሻው ሊሞላው ይችላል። ማሽኑን በሙሉ ገልብጦ ሌላ ቦታ ማስነሳት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ መለያዎቹም ከነፈቃዱ አብረው ይነሣሉ። በተቃራኒው ደግሞ በደመና አገልግሎት ላይ የሚሠራ ሕጋዊ ደንበኛ ሰርቨሩ በታደሰ ቁጥር አዲስ ማንነት ይሰጠዋል። ይህን የሚያህል ልዩነት ባለበት ዓለም «አንድ ኮምፒውተር» የሚለው የውል ሐረግ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ሻጩ ቁጭ ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀድሞ አስቦ የተሠራ ሥርዓት የማውቀው ብዙዎች ሲረግሙት የኖሩትን የዊንዶውስ ኤክስፒን አክቲቬሽን ነው። በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስፒን ሲያወጣ ተጠቃሚው በ30 ቀን ውስጥ ፕሮግራሙን እንዲያስመዘግብ ግዴታ አደረገ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ረጅሙን የ50 አኃዝ ቁጥር በስልክ እያነበበ መልስ ይቀበል ነበር፤ ያንን የሠራ ሰው አይረሳውም። በዚያው ዓመት ፉሊ ላይሰንስድ የተባለ የበርሊን ድርጅት አሠራሩን ፈትቶ የውስጡን ዝርዝር በይፋ አሳተመ፤ ብዙዎች ማይክሮሶፍት የኮምፒውተራቸውን ምስጢር ይሰበስባል ብለው ሰግተው ስለነበር የተገኘው ነገር አስገራሚ ነበር።

ሥርዓቱ ከየክፍሉ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ለምሳሌ የሜሞሪውን መጠን የሚወክለው 3 ቢት ብቻ ነው፤ ይህም ከጥቂት የመጠን እርከኖች በየትኛው እንደሚወድቅ ከመናገር አያልፍም። የሌሎቹም ክፍሎች ሃሽ በጥቂት ቢቶች የተወሰነ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ የተለያዩ ዕቃዎች ስለሚጋሩት ወደኋላ ሄዶ ካርዱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ሆኖም ክፍሎቹ ለየብቻ ስለተቀመጡ «ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ተቀየረ?» ብሎ መቁጠር ይቻላል። ማይክሮሶፍት የወሰነው ልክም ለጋስ ነበር፤ የኔትወርክ ካርዱ ሳይቀየር እስከቆየ ድረስ ዳግም ምዝገባ የሚጠየቀው ከሌሎቹ ክፍሎች 6ና ከዚያ በላይ ሲቀየሩ ነው። ሜሞሪ የጨመረ ወይም ዲስክ የቀየረ ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፋል።

ዛሬ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ የማየው ከዚህ የኋልዮሽ የሄደ ነው። አራት አምስት መለያዎች አንድ ላይ ተቀጥለው ሻ 256 በተባለው የሃሽ ስሌት ወደ አንድ ረጅም ሃሽ ይለወጣሉ። ሃሽ እንደ ባሕርዩ ከግብዓቱ አንዲት ቢት ስትቀየር ውጤቱ በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ ከአምስቱ አንዱ የተቀየረበት ኮምፒውተርና አምስቱም የተለያዩበት ኮምፒውተር ለፕሮግራሙ እኩል ባዕድ ናቸው። ኮዱን የጻፈው ሰው መለያ በጨመረ ቁጥር ጥበቃው የጠነከረ ይመስለዋል፤ የጨመረው ግን ፈቃዱ የሚሰበርበትን አጋጣሚ ነው።

ሃሽ ማድረግ ምስጢር መጠበቅ ነው የሚለውም እምነት እንዲሁ ውሃ አይቋጥርም። የማክ አድራሻን ብቻ ሃሽ አድርጎ የሚልክ ፕሮግራም አድራሻውን እንደላከው ይቆጠራል። አምራቹ ከታወቀ የሚቀሩት 24 ቢቶች ናቸው፤ ይህም 16,777,216 አማራጭ ማለት ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ይህን ሁሉ በቅጽበት ያሰላዋል። ሊኑክስ ላይ የማሽኑን መለያ የሚይዘው ፋይል መመሪያ ቁጥሩ እንደ ምስጢር እንዲያዝ፣ አንድ ፕሮግራም ሲፈልገው ከራሱ ቁልፍ ጋር አቀላቅሎ ለራሱ ብቻ የሚሆን ሌላ መለያ እንዲያወጣ ይመክራል። ምክሩ ለዊንዶውስም ለአፕል ማክ ኮምፒውተሮችም ይሠራል። ሁለት ሻጮች የየራሳቸውን መዝገብ ቢያስተያዩ አንድን ደንበኛ በኮምፒውተሩ ማገናኘት መቻል የለባቸውም፤ የፈቃድ ቁጥጥር ለዚህ ፈጽሞ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቀጂው እንምጣ፤ ይህ ሁሉ የተደከመው እርሱን ለማገድ ነውና። ቀጂው ማዘርቦርድ አይቀይርም፣ ማክ አድራሻም አያስመስልም። ፕሮግራሙን ከፍቶ ንጽጽሩ የሚደረግበትን ቦታ ይፈልጋል። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ «እኩል ከሆነ ዝለል» የሚለው አጭር ትእዛዝ 74 ተብሎ ይጻፋል፤ «እኩል ካልሆነ ዝለል» የሚለው ደግሞ 75። ጥበቃው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ የአንዲት ባይት ለውጥ ፕሮግራሙን ትክክለኛው ኮምፒውተር ላይ እምቢ የሚል፣ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ግን እሺ የሚል ያደርገዋል። ኮዱን ማመስጠርና ማወሳሰብ፣ ንጽጽሩንም በብዙ ቦታ መደበቅ ሥራውን ያዘገዩበታል፤ አያስቀሩበትም። ምርመራው የሚካሄደው በተመርማሪው ቤት ነው፤ እንግዳውን በር ላይ አቁሞ «ተጋብዘሃል ወይ?» ብሎ ራሱን እንደመጠየቅ ያለ ነው። አንዴ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ያንን ቅጂ ያገኙ ሁሉ ስለ ሃርድዌር መለያ አያስቡም። ሜሞሪ ቢቀይሩ፣ ዲስክ ቢቀይሩ፣ ኮምፒውተር ቢቀይሩ ፕሮግራሙ ይሠራላቸዋል። ጦሱ የሚተርፈው ለከፈለው ሰው ነው።

ታዲያ መቆለፉ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ የሚጠቅምበት ቦታ ግን ሌላ ነው። አንድ ፈቃድ ገዝቶ በቸልታ ለመላው ክፍል የሚጭን መሥሪያ ቤት ሕግ ጣሽ ለመሆን አስቦ አይደለም፤ የሚያስቆመው ነገር ስላላጋጠመው ነው። እንዲህ ላለው ደንበኛ አንድ መልእክት ይበቃል። ከሽያጩ ላይ የሚታይ ለውጥ የሚያመጣውም እርሱ ነው እንጂ ክራክ (ጥበቃው የተሰበረ ቅጂ) ፈላጊው አይደለም፤ ክራክ ፈላጊው መጀመሪያውኑ የሚገዛ አልነበረም። ዓላማው ይህ ከሆነ ጥበቃው ብረት መሆን የለበትም፤ የተወሰነ ላላ ያለ፣ አምስት ነገር አይቶ ሦስቱ ከገጠሙ የሚያልፍ ቢሆን ይበቃል።

ብረት የሆነውም አለ። ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ቺፕ፣ በተለይ ማይክሮሶፍት በ2021 ለዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0ን ግዴታ ካደረገ በኋላ፣ በአብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል። ቺፑ የሚሠራው ቁጥር በማስነበብ አይደለም። በውስጡ የሚፈጠረው የግል ቁልፍ ከቺፑ አይወጣም፤ ሻጩ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይልካል፣ ቺፑ በቁልፉ ይፈርምበታል፣ ፊርማው ይመረመራል። የተቀዳ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም። እስከ ዛሬ ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገረውን ከማመን ማሽኑ እንዲያረጋግጥ ወደማድረግ የተሸጋገርነው በዚህ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ለሚደረግ ማጣራትም የማያጠያይቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን የጠነከረው ማሰሪያ ሲበጠስ የሚቀር ነገር የለም። ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላለ ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ቁልፉም አብሮ ይቃጠላል፤ «ከአምስቱ ሦስቱ ይብቃ» የሚባልለትም አይደለም። ስለዚህ በቲፒኤም የተቆለፈ ፕሮግራም ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥሩ የምትክ አሰጣጥ ነው።

ምትክ አሰጣጥ ሲባል ብዙ ሻጮች የሚያቀርቡት «መጀመሪያ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፈቃዱን ይልቀቁ» የሚለውን ነው። ኮምፒውተሩን በፈቃዱ ለሚቀይር ሰው ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ ለተሰረቀበት ወይም ለሞተበት ሰው ግን ይህ ትእዛዝ ማላገጥ ይመስላል። ማይክሮሶፍት በ2016 የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃድ ከተጠቃሚው የማይክሮሶፍት አካውንት ጋር እንዲያያዝና ሃርድዌር የቀየረ ሰው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ፈቃዱን መልሶ እንዲያገኝ መንገድ የከፈተው ለዚህ ይመስለኛል። ፈቃዱን ከሰውየው ጋር ማያያዝ፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ ለጊዜው የሚሠራበት ቦታ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። ለትንሽ ድርጅትም ይህ የሚከብድ አይደለም፤ ደንበኛው በዓመት ከተወሰነ ቁጥር ሳይበልጥ ማንንም ሳያስፈቅድ ፈቃዱን ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንዲያዞር መፍቀድ፣ ከዚያ ያለፈውን ብቻ ሰው እንዲያየው ማድረግ ይቻላል።

ፕሮግራሙ መለያው ሳይገጥም ሲቀር የሚያሳየው መስኮት ላይ የሚጻፈውን ቃል ፕሮግራመሩ መጨረሻ ላይ በችኮላ ይሞላዋል፤ የስሕተት ቁጥርና «ሻጩን ያነጋግሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የሒሳብ መዝጊያ ቀን ሌሊት ላይ ይህን ያየ ሰው የሻጩ ስልክ እስከ ጠዋት እንደማይነሣ ያውቃል። እኔ በምሠራባቸው ፕሮግራሞች ላይ እንዲጻፍ የማደርገው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው፦ «የዚህ ኮምፒውተር ዲስክና ኔትወርክ ካርድ ፈቃዱ ሲሰጥ ከነበሩት የተለዩ ናቸው። ፕሮግራሙ ለሚቀጥሉት 14 ቀናት እንደወትሮው ይሠራል። ፈቃዱን ወደዚህ ኮምፒውተር ለማዞር ከታች ያለውን ይጫኑ።» ምን እንደተቀየረ በስም መናገሩ ብዙ ስልክ ያስቀራል፤ ደንበኛው «አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ዲስክ አስቀይሬአለሁ» ይልና ነገሩ ይገባዋል። ጊዜው ካለፈም በኋላ ፕሮግራሙ የደንበኛውን የራሱን ፋይሎች ከመክፈትና ከማተም ሊከለክለው አይገባም። አዲስ ሥራ እንዳይሠራበት ማገድ ለሻጩ መብት ጥበቃ ነው። ሰውየው ራሱ የጻፈውን ሰነድ እንዳያይ ማገድ ግን ከሌላ ነገር ይመደባል፤ በዚህ ላይ ከሻጮች ጋር ስከራከር ወደ ኋላ አላልኩም።

ሕጉ ከዚህ ሁሉ ጋር እኩል አልተራመደም፤ ቆሞም ግን አልቀረም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ጉዳይ ጊዜ ያልተወሰነለትን ፈቃድ ዋጋውን ከፍሎ ከኢንተርኔት ያወረደ ሰው መልሶ ሊሸጠው እንደሚችል ወስኗል፤ በሚሸጥበት ጊዜ ግን የራሱን ቅጂ ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ አለበት። ፈቃዱን ከአንድ ኮምፒውተር ፈትቶ ወደ ሌላ የሚያዞር መንገድ የሌለው ሥርዓት ይህን መብት በወረቀት ላይ ብቻ ያስቀረዋል። በአሜሪካ የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ቴክኒካዊ ጥበቃን መስበር ቢከለክልም፣ በየሦስት ዓመቱ በሚሰጡ ልዩ ፈቃዶች ውስጥ በ2003 ዶንግል የሚባለው የሃርድዌር ቁልፍ ተበላሽቶ፣ ዘመን አልፎበት ሊጠገንም ሊተካም ያልቻለ ፕሮግራም ባለቤቱ ጥበቃውን እንዲያልፍ ተፈቅዶለት ነበር፤ በ2006ና በ2010ም ታድሷል። ዶንግሉ የሞተበትና ሻጩ ከገበያ የወጣበት ሰው በሁለት መንገድ ተቆልፎበታል፤ ሕጉም ቢያንስ አንደኛውን በር ከፍቶለታል።

የሻጩ መዘጋት ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ድርጅት ሲዘጋ መጀመሪያ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ ክፍያው ያልታደሰው የአክቲቬሽን ሰርቨር ነው። ከዚያ በኋላ ዲስክ የተበላሸበት ደንበኛ ሁሉ በየተራ ፕሮግራሙን ያጣል፤ ሕጋዊ ፈቃድ በእጁ እያለ። ለዚህ የምመክረው ከመለያ ጋር ያልታሰረ የመጨረሻ ቅጂ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቀመጥ፣ ድርጅቱ ሲዘጋም ለደንበኞች እንዲለቀቅ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ነው። ውሉ ላይ መስፈሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ቅጂው ፕሮግራሙን አይቶት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ኢንተርኔቱ ተነቅሎና የኮምፒውተሩ ሰዓት ዓመታት ወደፊት ተወስዶ መሞከር አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ የተረሳ የሰርቨር ጥሪ ወይም ጊዜው የሚያልፍ ሰርተፍኬት መኖሩ የሚታወቀው በዚህ ሙከራ ነው። ሙከራውም አዲስ የፕሮግራሙ እትም በወጣ ቁጥር መደገም ይኖርበታል።